ማስክ በአነስተኛ በጀት ፊልም አርትዖት፦ በቀረጻ ቦታ የሚወሰን ቪዥዋል ኢፌክት

አህጽሮት

ይህ ጽሑፍ በአነስተኛ በጀት በሚሠሩ ፊልሞች ማስክን በመጠቀም ቪዥዋል ኢፌክት የሚፈጠርበትን መንገድ ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የማስክ ሥራ ስኬት የሚወሰነው በሶፍትዌሩ ዋጋ ወይም በኮምፒዩተሩ አቅም ሳይሆን፣ በአብዛኛው በቀረጻ ቦታ በሚተላለፉ ጥቂት ውሳኔዎች ነው የሚል ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ የዘዴው ታሪካዊ መነሻ ይቃኛል፤ ቀጥሎም ሦስት ተዘውታሪ አገልግሎቶች፣ ማለትም አንድን ተዋናይ በአንድ ፍሬም ሁለት ጊዜ ማሳየት፣ ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ነገርን ከምስሉ ማጥፋት እና የአደጋ ትዕይንትን ያለ አደጋ መሥራት፣ በቴክኒክና በስሌት ይተነተናሉ። በመጨረሻም የዘዴው ገደቦች ተመልክተው ለፊልም ሠሪዎችና ለሥልጠና ተቋማት ምክረ ሐሳብ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ማስክ፣ ቪዥዋል ኢፌክት፣ አርትዖት፣ አነስተኛ በጀት፣ ቅድመ ዝግጅት

1. መግቢያ

በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ ፊልሞች ቀረጻ ላይ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «በኤዲቲንግ ይስተካከላል» የሚል። አባባሉ ጊዜ ሲያጥር፣ ብርሃን ሲሸሽ ወይም የመብራት ምሰሶ ያለ ቦታው ፍሬም ውስጥ ሲገባ ሁሉን ያረጋጋል። ይሁን እንጂ ያልተከፈለው ዋጋ በዚያው አይቀርም፤ ከቀረጻ ቦታው ወደ አርታኢው ጠረጴዛ ይዛወራል እንጂ። በቀረጻ ቦታ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ጥንቃቄ በአርትዖት ክፍል የቀናት ሥራ ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ በእጅጉ ይስማማል።

በሌላ በኩል አነስተኛ በጀት ቪዥዋል ኢፌክትን ፈጽሞ ይከለክላል ማለት አይቻልም። የእንግሊዙ ዳይሬክተር ጋሬዝ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእይታ ባበቃው «ሞንስተርስ» ፊልም ወደ 250 የሚጠጉ የኢፌክት ሾቶችን በገበያ ላይ በሚገኙ ሶፍትዌሮች ራሱ ሠርቷል። በዚያው ዓመት በካምፓላ ዋካሊጋ ሠፈር የተሠራው የኡጋንዳዊው ናብዋና አይ.ጂ.ጂ. ፊልም «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» በጀቱ ከ200 ዶላር እንደማይበልጥ ይነገርለታል፤ ሆኖም ሄሊኮፕተርና ፍንዳታ ይታይበታል። ሁለቱ ፊልሞች በጥራትም በስልትም ይለያያሉ፤ የሚያመሳስላቸው ግን የኢፌክት ሥራን ከትልልቅ ስቱዲዮዎች አውጥተው በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ማኖራቸው ነው።

መሣሪያውም ቢሆን ዛሬ ሩቅ አይደለም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚሰጥ እትም ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፊውዥን የተባለውን የምስል ማጣመሪያ በውስጡ ይዟል። ብሌንደርም በነጻ የሚገኝ ሲሆን የማስክና የትራኪንግ መሣሪያዎች አሉት። ስለዚህ ጥያቄው «መሣሪያው አለ ወይ?» ከሚለው አልፎ «ለመሣሪያው የሚመች ምስል ተቀርጿል ወይ?» ወደሚለው ተሸጋግሯል።

2. የማስክ ምንነትና ታሪካዊ መነሻ

ማስክ የአንድን ምስል የተወሰነ ክፍል እንዲታይ፣ ሌላውን ክፍል ደግሞ እንዲሰወር የሚያደርግ ቅርጽ ነው። በቅርጹ የተሰወረው ቦታ ከሥሩ ያለውን ሌላ ምስል ይገልጣል። አርታኢው የቅርጹን ጠርዝ ስለታም ወይም ለስላሳ ማድረግ፣ ቅርጹን ባለበት ማቆም ወይም ከፍሬም ወደ ፍሬም ማንቀሳቀስ ይችላል። በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ውስብስብነቱ የሚመጣው ሁለቱ ምስሎች አንድ መስለው እንዲታዩ ሲፈለግ ነው።

ዘዴው ከኮምፒዩተር እጅግ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊዬስ እ.ኤ.አ. በ1898 በሠራው አጭር ፊልም የራሱን ጭንቅላት ደጋግሞ እያነሳ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ይታያል። ይህን ያደረገው ጥቁር ዳራ ተጠቅሞ፣ ፊልሙን ወደኋላ እየጠቀለለ በላዩ ላይ ደግሞ በመቅረጽ ነበር። ኤድዊን ፖርተርም እ.ኤ.አ. በ1903 «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ላይ በቴሌግራፍ ቢሮው መስኮት በኩል ባቡር ሲያልፍ ለማሳየት የመስኮቱን ክፍል ለብቻ ሸፍኖ ሁለት ቀረጻዎችን አጣምሯል።

ለዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይበልጥ የሚያገለግለው ግን በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1921 የሠራው «ዘ ፕሌይሃውስ» ነው። በፊልሙ መክፈቻ ኪተን ሙዚቀኞቹንም ተመልካቾቹንም ራሱ ሆኖ ይጫወታል፤ በአንዱ ሾት ዘጠኝ ኪተኖች በአንድ መድረክ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። የካሜራ ባለሙያው ኤልጂን ሌስሊ ሌንሱን ከፋፍሎ እየሸፈነ አንዱን ፊልም ዘጠኝ ጊዜ ማሳለፍ ነበረበት፤ ካሜራው በእጅ የሚዞር በመሆኑም የእጁ ፍጥነት በዘጠኙም ዙር መለዋወጥ አልነበረበትም። በአንዱ ዙር ስሕተት ቢፈጠር የቀደሙት ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ። በዚህ ሾት «በኤዲቲንግ ይስተካከላል» የሚባል ነገር አልነበረም። ዲጂታል አርትዖት ስሕተትን የማረም ዕድል ሰጥቷል፤ ሌስሊን ያስጨነቁትን ሁኔታዎች፣ ማለትም የካሜራውን አለመነቃነቅ፣ የብርሃኑን አለመለወጥና የተዋናዩን ከመስመር አለማለፍ ግን አላስቀረም።

3. ማስክ ከግሪን ስክሪን አንጻር

ብዙ ጀማሪ ፊልም ሠሪዎች ቪዥዋል ኢፌክት ሲባል በቅድሚያ የሚያስቡት ግሪን ስክሪንን ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ርካሽ ይሁን እንጂ የሚጠይቀው ብርሃን ርካሽ አይደለም። ጨርቁ ያለ ጥላና ያለ መጨማደድ እኩል መብራት አለበት፤ ተዋናዩ አረንጓዴው ነጸብራቅ እንዳያርፍበት ከጨርቁ ርቆ መቆም አለበት፤ ለዚህም ሰፊ ክፍልና ተጨማሪ መብራቶች ያስፈልጋሉ።

በዚህ ላይ የካሜራው አቀራረጽ ይታከላል። ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ካሜራዎችና ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ የሚቀርጹት 4፡2፡0 በሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የብርሃን መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘገብ፣ የቀለም መረጃ የሚመዘገበው ለአራት ፒክስሎች አንድ ጊዜ ነው። ግሪን ስክሪን የሚሠራው ቀለምን በመለየት ስለሆነ ይህ የመረጃ ጉድለት በፀጉርና በልብስ ጠርዝ ላይ ሸካራ ሆኖ ይወጣል። ማስክ ግን ቀለም ሳይሆን ቅርጽ ነው፤ የካሜራው የቀለም ድህነት እምብዛም አይጎዳውም። በተጨማሪም ተዋናዩ የሚቀረጸው በእውነተኛው ቦታ፣ በእውነተኛው ብርሃን ነው። ስለዚህ ታሪኩ በፈቀደ መጠን ለአነስተኛ በጀት ቀዳሚው ምርጫ ማስክ ሊሆን ይገባል።

4. አንድ ተዋናይ፣ ሁለት ገጸ ባሕርያት

መንትዮችን ወይም ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰውን በአንድ ተዋናይ ማሳየት የማስክ መሠረታዊ ልምምድ ነው። ተዋናዩ በመጀመሪያ በፍሬሙ ግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ ይቀረጻል፤ ሁለቱ ቀረጻዎች በአርትዖት በአንድ መስመር ይገናኛሉ። ይህ መስመር ከዚህ በኋላ «ስፌት» እየተባለ ይጠራል። ስፌቱ እንዳይታይ አራት ነገሮች በቀረጻ ቦታ መሟላት አለባቸው።

የመጀመሪያው የካሜራው ጽናት ነው። ካሜራው በትራይፖድ ላይ ታስሮ፣ በትራይፖዱ ሥር ክብደት ተንጠልጥሎለት፣ በሁለቱ ቀረጻዎች መካከል ሊነካ አይገባም። ፎከስ፣ የብርሃን መጠንና የነጭ ቀለም ሚዛን ከአውቶማቲክ ወጥተው በእጅ መወሰን አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የካሜራው የውስጥ ማረጋጊያ ነው፤ ካሜራው ቆሞ እያለ እንኳ ምስሉን በጥቂት ፒክስሎች ሊያንሸራትት ስለሚችል መጥፋት ይኖርበታል።

ሁለተኛው የመብራት ምት ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ሞገድ 50 ኸርትዝ ስለሆነ፣ በቀጥታ ከዚሁ ኃይል የሚሠሩ ፍሎረሰንትና ብዙ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። በሴኮንድ 25 ፍሬም እየተቀረጸ የሸተር ፍጥነቱ 1/50 ወይም 1/100 ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ምት ይቀበላል፤ ብርሃኑም የረጋ ይመስላል። ሸተሩ በ1/60 ላይ ከተተወ ግን ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ይህ በአንድ ቀረጻ ላይ ተመልካች ችላ ሊለው የሚችል ጉድለት ነው፤ ሁለት ቀረጻዎች ጎን ለጎን ሲገናኙ ግን ግራውና ቀኙ በተለያየ ጊዜ ስለሚርገበገቡ ስፌቱን ያጋልጠዋል።

ሦስተኛው ፀሐይ ናት። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። በአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትደርስ 2 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ 2 ሜትር ጥላ ይጥላል። ተዋናዩ ልብስ ቀይሮ ለመመለስ 10 ደቂቃ ቢፈጅበት የጥላው ርዝመት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይለወጣል። ስለዚህ ከቤት ውጭ በሚሠራ ድርብ ሾት የአልባሳትና የሜካፕ ለውጡ አጭር እንዲሆን ማቀድ፣ ካልሆነም ደመና ያረፈበትን ወይም ጥላ የሆነ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል።

አራተኛው የስፌቱ ቦታ ነው። ስፌቱ የበር መቃን፣ የግድግዳ ማዕዘን ወይም የመጋረጃ ጠርዝ ላይ ቢያርፍ ዓይን አይፈልገውም። ባዶ ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ የማስኩን ጠርዝ ሰፋ አድርጎ ማለስለስ ጥቃቅን የብርሃን ልዩነቶችን ይውጣል። ዳይሬክተሩ ይህን መስመር ከቀረጻው በፊት ለይቶ ለተዋናዩ ወለሉ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት። ከሰውነቱ ይልቅ መስመሩን ቀድሞ የሚያልፈው ጥላው ነው፤ በተወለወለ ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ የሚታይ ነጸብራቁም እንዲሁ። ተዋናዩ ከራሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንዲተያይም ተመሳሳይ ቁመት ያለው ሰው ከስፌቱ ማዶ ቆሞ ቃለ ተውኔቱን ቢያነብለት አመለካከቱ ይስተካከላል።

እነዚህ አራቱ ከተሟሉ የአርታኢው ሥራ የደቂቃዎች ነው፤ አንድ የማይንቀሳቀስ ማስክ መሳል፣ ጠርዙን ማለስለስ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የቀለም እርማት ማድረግ። ምስሉ በ4ኬ ተቀርጾ የሚቀርበው በ1920 በ1080 ከሆነ፣ የቆመው ካሜራ የሚፈጥረውን ድርቀት ለማለዘብ በተጣመረው ምስል ላይ ዝግተኛ የዲጂታል ቅርበት መጨመር ይቻላል። ተመልካች የሚንቀሳቀስ ፍሬም ውስጥ የቆመ ስፌት ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም።

5. ከዘመኑ ውጭ የሆነን ነገር ማጥፋት

ታሪካዊ ፊልም ለመሥራት የሚነሳ አነስተኛ ቡድን ገጠር ወርዶም ቢሆን ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከሳተላይት ዲሽና ከፕላስቲክ የውኃ ታንከር አያመልጥም። እነዚህን ለመሰወር ካሜራውን ማዘንበል ብዙ ጊዜ ሰፊውን መልክዓ ምድር ያሳጣል። ማስክ ግን ከዚያው ሾት ንጹሕ የሆነ ሰማይ፣ ሣር ወይም ጣሪያ ቆርጦ በነገሩ ላይ ለመለጠፍ ያስችላል።

የሥራው ክብደት የሚለካው በሚጠፋው ነገር ግዝፈት ሳይሆን በፊቱ በሚያልፈው ነገር ነው። በሰማይ ላይ ብቻውን የቆመ ረጅም ምሰሶ፣ ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ፣ በአንድ የቆመ ማስክ ይጠፋል። ተዋናዩ በምሰሶው ፊት ካለፈ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ማስኩ የተዋናዩን ቅርጽ፣ ፀጉሩንና በነፋስ የሚውለበለብ ነጠላውን እየተከተለ በየፍሬሙ መሳል አለበት። የ10 ሴኮንድ ሾት በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሰላ 250 ፍሬም ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም 3 ደቂቃ ብቻ ቢወስድ 750 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ተዋናዩ ከምሰሶው ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ እንዲቆም ቢደረግ ይህ ሁሉ ሥራ ባልኖረ ነበር።

ከዚህ ሁለት ልማዶች ይመነጫሉ። አንደኛው ቦታ በሚመረጥበት ጊዜ የማይፈለጉ ነገሮችን ዝርዝር ይዞ የተዋናዮቹን እንቅስቃሴ ከእነሱ ማራቅ ነው። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ፣ ካሜራው ሳይነካ፣ ተዋናይ የሌለበትን ባዶ ምስል ለ10 ሴኮንድ ያህል መቅረጽ ነው። ይህ ባዶ ምስል ከተዋናዩ በስተጀርባ ያለውን ሁሉ ስለሚይዝ ለአርታኢው የመለዋወጫ ጨርቅ ሆኖ ያገለግላል። የቆመ ፎቶግራፍ ከመለጠፍ ይልቅ ቪዲዮ መቅረጽ የሚመረጠውም ቪዲዮ የራሱ ጥቃቅን የምስል ንዝረት ስላለው ነው፤ ፍጹም የረጋ ቁራጭ በሚንዘረዘር ምስል መካከል የሞተ ሆኖ ይታወቃል።

6. የአደጋ ትዕይንት ያለ አደጋ

እስካሁን የተነሡት ጉዳዮች ጊዜንና ገንዘብን የሚመለከቱ ናቸው። ይህኛው ግን የሰው ሕይወትን ይመለከታል። የሠለጠነ የስታንት ባለሙያ መቅጠር የማይችል ቡድን መኪና ለጥቂት የሚስተውን ሰው ለማሳየት ሲፈልግ ተዋናዩን በእርግጥ መኪና ፊት የማቆም ፈተና ይገጥመዋል። ማስክ ይህን ፈተና ያስቀራል።

አሠራሩ ከድርብ ገጸ ባሕርይ ሾት ጋር አንድ ነው። ካሜራው ይቆማል፤ በመጀመሪያ መኪናው ባዶውን መንገድ ያልፋል፤ ቀጥሎ መንገዱ ተዘግቶ ተዋናዩ ብቻውን ዘሎ ይወድቃል፤ በመጨረሻም ባዶው መንገድ ይቀረጻል። በአርትዖት የመኪናውን ጠርዝ የሚከተል ተንቀሳቃሽ ማስክ ይሳላል። ይህ ከባድ ቢመስልም ስሌቱ ሌላ ይናገራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ በየፍሬሙ 44 ሴንቲ ሜትር ይራመዳል ማለት ነው። ፍሬሙ 10 ሜትር መንገድ የሚያሳይ ከሆነ የመኪናው ፊት ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ 23 ፍሬም ገደማ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ፍሬም 3 ደቂቃ ቢሰጥ ጠቅላላው ሥራ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም።

የመኪናው ፍጥነት ራሱ ለአርታኢው ያግዛል። ሸተሩ 1/50 ሲሆን መኪናው በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚደበዝዝ የማስኩ ጠርዝም በእንቅስቃሴው አቅጣጫ በዚያው መጠን መለስለስ አለበት፤ ስለታም ጠርዝ የተቆረጠ ካርቶን ያስመስለዋል። በተዋናዩ ላይ ሊያርፍ የሚገባውን የመኪናውን ጥላ ደግሞ ሌላ ለስላሳ ማስክ ምስሉን ለጥቂት ፍሬሞች በማጨለም ይተካዋል። አንድ ሰዓት የአርትዖት ሥራ ከአንድ ሰው አካል ጋር ሲመዘን ምርጫው አከራካሪ ሊሆን አይገባም። መኪናው በሚነዳበት ቀረጻ ወቅትም መንገዱ ለሌላ ተሽከርካሪና እግረኛ ዝግ መሆን እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

7. ሌሎች አገልግሎቶችና ገደቦች

ማስክ ሰማይን ለመተካት፣ የቴሌቪዥን ወይም የስልክ መስታወት ላይ ምስል ለማሳረፍ፣ ቀንን ሌሊት ለማስመሰልና የተመልካችን ዓይን ወደ ፊት ገጽታ ለመሳብ አካባቢውን ለማደብዘዝ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ በበቃውና በኢትዮጵያ በተቀረጸው «ክራምብስ» ፊልም የጠፈር መርከብ በሰማይ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ከሰፊ መልክዓ ምድር በላይ በጸጥታ የቆመ አንድ ነገር አንድን ሥፍራ ወደ ሌላ ዓለም ለመለወጥ ሊበቃ ይችላል፤ ታሪኩ የጠየቀው ኢፌክት ረጋ ያለ በሆነ ቁጥር በአነስተኛ አቅም የመሠራቱ ዕድል ይሰፋል።

ዘዴው ግን ገደብ አለው። በእጅ በተያዘና በሚናወጥ ካሜራ፣ በጭስና በአቧራ፣ በዝናብ፣ በተበታተነ ፀጉርና በሚያሳልፍ ልብስ ላይ ማስክ አድካሚ ነው። ሰውን ከዳራው በራሳቸው የሚለዩ አዳዲስ የሶፍትዌር መሣሪያዎች ድካሙን ቀንሰዋል፤ ሆኖም በፀጉር ጠርዝና በፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ቅርጻቸው ከፍሬም ወደ ፍሬም ሊወላውል ስለሚችል የአርታኢው ዓይንና እጅ አሁንም ያስፈልጋሉ። የካሜራው መቆምም ውበታዊ ዋጋ አለው፤ ትዕይንቱ በሙሉ ከቆመ ካሜራ ከተሠራ ይደርቃል። ስለዚህ ድርብ ሾቱ አጭር ሆኖ፣ ከትከሻ ጀርባ በሚነሡ ተራ ሾቶች መካከል ቢገባ ይመረጣል። ተመልካች ሁለቱን ሰዎች አንድ ጊዜ አብረው ካየ በኋላ በቀሪው ትዕይንት ሁሉ አብረው እንዳሉ ያምናል።

8. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

በዚህ ጽሑፍ እንደታየው ማስክ ቪዥዋል ኢፌክትን ለአነስተኛ በጀት ፊልም ያቀረበው ወጪን ስላጠፋ ሳይሆን የወጪውን ዓይነት ስለለወጠ ነው። ገንዘብ ይከፈልበት የነበረው ሥራ ዛሬ በዕቅድ ሊከፈል ይችላል። ዕቅዱ ሲጎድል ዕዳው በአርታኢው የሥራ ሰዓት፣ አልፎ አልፎም በተዋናዩ ደኅንነት ላይ ይወድቃል።

በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች ቀርበዋል። አንደኛ፣ አርታኢው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሳይሆን የሾት ዝርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ ሊጠራ ይገባል። ሁለተኛ፣ ማስክ ለሚያስፈልገው እያንዳንዱ ሾት የስፌቱን ቦታ፣ የሸተሩን ፍጥነት፣ በቀረጻዎቹ መካከል የሚፈቀደውን የጊዜ ርቀትና የባዶውን ምስል ቀረጻ የሚያሳይ አጭር ማስታወሻ ከሾት ዝርዝሩ ጋር ቢያያዝ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ተዋናይን ለአካል ጉዳት የሚያጋልጥ ማንኛውም ሾት ከመቀረጹ በፊት በሁለት ቀረጻ ሊሠራ ይችል እንደሆነ ሊመረመር ይገባል። አራተኛ፣ የፊልም ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማት የካሜራና የአርትዖት ትምህርቶችን ለየብቻ ከማስተማር ጎን ለጎን፣ ተማሪው ራሱ የቀረጸውን ድርብ ሾት ራሱ እንዲያጣምር የሚያደርግ የተግባር ልምምድ ቢያካትቱ መልካም ነው። በቀረጻ ቦታ ያለፈውን ጉድለት በአርትዖት ክፍል ፍሬም በፍሬም ያረመ ተማሪ በቀጣዩ ሥራው ትራይፖዱን ሳያስር ካሜራ አይከፍትም።